የትልቅ ሰው ጥንድ

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። የጫማ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ግን ኋላ የሚቆጨው ነገር እንዳይኖር ተጠንቅቆ የሚበላ ሰው ነበር። ከጦርነቱ በፊት ፋብሪካው የሚያወጣው የወታደር ከስክስ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ጫማ ነበር። ጦርነቱ መጣ፣ ትእዛዙ በዛ፣ ቆዳውም በፊት በር እየገባ በጓሮ በር መውጣት ጀመረ። ወዴት እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ፤ የሥራ አስኪያጁ ሚስት የቦርሳ መደብር ግን በዚያው ሰሞን አማረበት። በቆዳው ፋንታ ሶሉ ውስጥ ካርቶን ገባ። ተጨፍልቆ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ በኮላ ተለጥፎ የገባ ካርቶን። ላዩ ሲወለወል ፊት ያሳያል፤ ውኃ ሲነካው ጉዱ ይወጣል።

ይህን በፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ዘበኛውም ያውቃል፣ ጽዳቷም ታውቃለች። አንድ ቆዳ ቆራጭ አፍ አውጥቶ «ይሄ ነገር ልጆቹን ያስጨርሳል» ቢል በማግስቱ የጠላት ጆሮ ተብሎ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል።

ጫማ ሰፊዋ እትዬ መርፌም አንገታቸውን ከደፉት አንዷ ነበረች። መርፌ ያሏት ቅጥነቷንም ምላሷንም አይተው ነው። ፋብሪካው ደግሞ አንድ የቆየ ልማድ ነበረው። ጄኔራልም ይሁን ተቆጣጣሪ፣ ጫማውን ሊያይ የሚመጣ ትልቅ ሰው ካለ አንድ ጥንድ ለብቻው ይሠራል። እውነተኛ ቆዳ፣ ድርብ ስፌት፣ የማይለቅ ኮላ። «የትልቅ ሰው ጥንድ» ይሉታል፤ የሚሰፋውም በእሷ እጅ ብቻ ነው። ትልቁ ሰው ይጫማውና ወለሉን ረገጥ ረገጥ ያደርጋል። «ወታደራችን እንዲህ ያለ ጫማ አድርጎ ምን ጎደለው» ይላል። ይፈርማል። ጫማውንም አያወልቅም፣ እንዳደረገው ይሄዳል።

ትልቁ ልጇ ከግንባር የተመለሰው በዚያ ዓመት ነው። ጥይት አልመታውም፤ ጭቃና ብርድ ነው የመታው። ካርቶኑ ረጥቦ፣ እግሩ ረጥቦ፣ ቆስሎ፣ የግራ እግሩን ጣቶች ሐኪሞቹ ቆረጧቸው። ሳሎን ቁጭ ብሎ ካልሲውን ሲያወልቅ እናትየው ፊቷን አዞረች። እሱ ግን ከልጅነቱ ቀልደኛ ነው።

«እማዬ፣ ጫማችሁ ምንም አይወጣለትም» አላት። «ውኃ ብቻ ነው የማይወደው።»

ሳቀችለት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። የእሱ ቁስል በቅጡ ሳይደርቅ ደግሞ ትንሹ ልጇ ለውትድርና ተጠራ።

ስለ ጫማው ሐሜቱ ሲበዛ የጦር ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀረበ። አዲሱ ጦር በሚሸኝበት ቀን ያንኑ የወታደር ከስክስ አድርጎ ከአደባባዩ እስከ ባቡር ጣቢያው ከልጆቹ ጋር በእግሩ እንደሚሄድ ተናገረ። «ሐሜተኛ ይፈር» አለ። ሐሜተኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ አየው። ከሚሸኙት ልጆች አንዱ የእትዬ መርፌ ትንሹ ልጅ ነበር።

በነጋታው ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። እናቱ የምትሆነውን ሴት አንቺ እያለ ነበር የሚያናግራት፤ የዚያን ቀን ግን የቴሌቪዥን ሰዎች ካሜራቸውን ተክለው ስለነበር እርስዎ ሆነች።

«እትዬ፣ የክቡር ሚኒስትሩን ጫማ የሚሰፉት እርስዎ ነዎት» አለ ካሜራውን እያየ። «አደራ፣ ከተራው ወታደር ጫማ በምንም እንዳይለይ። በምንም።»

ካሜራው ሲጠፋ ከጠረጴዛው ሥር የቆዳ ጥቅል አውጥቶ ታቀፊው አላት። «ገባሽ አይደል?» አለና ጠቀሳት። አንቺነቷ ተመለሰ።

«ገባኝ» አለች።

ጋሼ ኮላ የሚባለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሶል ሲለጥፍ የኖረው የሥራ ጎረቤቷ፣ ጥቅሉን ሲያይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ለልጅሽ ስፊበት» አላት። «ለሚኒስትሩ ከዚሁ ተርፎ ይበቃዋል። ማን ያይሻል?»

እውነት ለመናገር እሷም ያሰበችው ይህንኑ ነበር። እናት ናት፤ ምን ታስብ? ጥቅሉን በዘንቢሏ ይዛ ወጣች። ዘበኛው ቆዳ በመኪና ሲወጣ እያየ ዝም ያለ ሰው ነውና በዘንቢል የወጣውን አልጠየቃትም። ቤቷ ገብታ ቆዳውን በትንሹ ልጇ ጉልበት ላይ ዘረጋችው።

«እግርህን አምጣ ልለካህ» አለችው።

ልጁ ቆዳውን ዳበስ አደረገና መልሶ ጠቀለለው። «አይሆንም እማዬ። አጠገቤ የሚሰለፈው ልጅ እናቱ ጫማ ሰፊ አይደለችም። እሱ ካርቶን እየረገጠ እኔ ቆዳ ረግጬ ዓይኑን እንዴት ነው የማየው?»

«የወንድምህን እግር አላየህም?»

«አይቻለሁ። ለዚህ ነው የምልሽ።»

እትዬ መርፌ ተናደደች። በልጁም፣ በቆዳውም፣ ልጁን እንዲህ አድርጋ ባሳደገች በራሷም ተናደደች። ትልቁ ልጅ ከተቀመጠበት ሆኖ ሁለቱን እያየ ቆየና ሳቅ አለ።

«እንግዲህ ካርቶን እንዲህ ከተከበረ ሚኒስትሩስ ለምን ይቅርበት?» አለ።

የቀለደው መስሎታል። እሷ ግን ንዴቷን ተወችና አየችው። አንድ ጥንድ ቆዳ የሚያድነው አንድ ልጅ ነው፤ ያም ልጅ አልፈልግም ብሏል። አንድ ጥንድ ካርቶን ግን፣ የሚገባው ሰው እግር ላይ ከዋለ፣ ስንቱን ሊያድን እንደሚችል ማን ያውቃል? ቢያገኟት አይምሯትም። ያስሯታል፣ ምናልባትም የባሰ ይመጣል። ፈራች። በጣም ፈራች። ሆኖም የታዘዘችው በካሜራ ፊት ነው፤ በምንም እንዳይለይ ተብላለች።

የሚኒስትሩን ጫማ ፋብሪካው ገብታ እንደ ሌላው ሁሉ ሰፋችው። ስፌቱ ያው ነጠላ፣ ሶሉ ያው ካርቶን። ጋሼ ኮላ ተራው ደርሶ የማይለቀውን ኮላ ሊያነሣ ሲል እጁን ያዘችው።

«እንደ ሁልጊዜው» አለችው።

ሰውዬው ፊቱ አመድ መሰለ። ሶሉን ገልጦ አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ የማይለቀውን ኮላ ወደ መደርደሪያው መልሶ ተራውን ኮላ በቀስታ ቀባ። ቀለሙን ደግሞ ሁለቱም እየተፈራረቁ ወለወሉት። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገውና «ይሄ ነው ቆዳ ማለት» አለ። ጋሼ ኮላ ሳል እንደያዘው ሰው ጎንበስ ብሎ ወጣ።

የሽኝቱ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ዋለ። አደባባዩ ጢም ብሏል። እናቶች ከዳር፣ ሰልፈኛው ወታደር በመሐል፣ ሚኒስትሩ ከሁሉ ፊት፤ ካሜራዎቹ ሁሉ ወደሱ። እትዬ መርፌ ምርኩዝ የያዘውን ትልቁን ልጇን ደግፋ ቆማለች፤ ማን ማንን እንደደገፈ ግን አይታወቅም።

ሚኒስትሩ ንግግሩን አሳጥሮ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጣቢያው ይደርስ ነበር። ግን ማይክ ካስጨበጡት ማን ያስለቅቀዋል? ስለ ክብር ተናገረ፣ ስለ መሥዋዕትነት ተናገረ፣ ስለ መሥዋዕትነት ደገመ። ጥላ የያዘለት ጠባቂ ራሱን ከዝናብ ከለለለት፤ እግሩ ግን የቆመው ኩሬ ውስጥ ነው። ሲጨርስ ተጨበጨበለትና ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

መጀመሪያ የግራው ሶል ጠፍ ጠፍ አለ። ሚኒስትሩ ያልሰማ መሰለ። ቀጥሎ ከፊቱ ተላቀቀና በየእርምጃው አፉን ይከፍት ይዘጋ ጀመር። ካርቶኑ እንደ ረጠበ ዳቦ እየተቆረሰ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ጠባቂዎቹ ሊሸፍኑት ተሻሙ፤ ካሜራው ግን ቀጥታ ሥርጭት ላይ ነው፣ አገር እያየ ነው። ትንሽ ሄዶ የቀኙም ከዳው። ሚኒስትሩ በካልሲው ቆመ። ነጭ ካልሲ ነበር።

ያኔ ከሰልፉ መሐል አንድ ወታደር አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ ክሩን ይፈታ ጀመር። እትዬ መርፌ በአቀማመጡ ለየችው፤ ትንሹ ልጇ ነው። ጫማውን አወለቀ፣ ሶሉን በእጁ ገነጠለ፣ ካርቶኑን ከፍ አድርጎ አሳየና ባዶ እግሩን ቆመ። አጠገቡ ያለው ቁጭ አለ። የኋላው ቁጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሰልፉ በሙሉ ባዶ እግሩን ነበር፤ ጫማዎቹ ከየፊታቸው ተደርድረው ዝናብ ይጠጣሉ።

የሰልፉ አዛዥ ልጆቹን እንዲያንቀሳቅስ ጠባቂዎቹ ጮሁበት። ግንባር ከርሞ የመጣ ሰው ነው፤ ስንት ልጅ በጭቃ ውስጥ ሲያነክስ አይቷል። ጫማዎቹን አየ፣ የሚኒስትሩን ካልሲ አየ።

«ባቡሩ ይጠብቅ» አለ።

ከእናቶቹ አንዷ አጨበጨበች። ከዚያ ሁሉም። እትዬ መርፌ ያጨበጨበችው መጨረሻ ላይ ነው፤ እንባዋን እስክትጠርግ እጇ አልተመቻትም።

ባቡሩ ባዶውን ሄደ። ሚኒስትሩ በዚያው ምሽት ሌቦቹን ለማጋለጥ አስቦ ሆን ብሎ እንዳደረገው ተናገረ፤ አገር በሙሉ ሳቀበት። ሰንበት ብሎም ለጤናው ሲል ሥራ ለቀቀ ተባለ። እግሩን ብርድ መትቶት ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ሲያዝ «አሻጥር ነው፣ አሮጊቷ ናት የሠራችው» ብሎ ጮኸ። እሷም ተጠራች። መርማሪዎቹ ፊት ቁጭ ብላ አንድ ነገር ብቻ ደጋገመች።

«ከወታደሩ በምንም እንዳይለይ ተባልኩ፤ እንዳይለይ አድርጌ ሰፋሁ። ይሄ አሻጥር ከሆነ የሌሎቹን ልጆች ጫማ ምን ልትሉት ነው?»

መርማሪዎቹ ተያዩ። የካሜራው ቅጂ በእጃቸው ነው። ቦርሳዋን ሰጥተው ወደ ቤቷ ሸኟት፤ የተባረረው ቆራጭም በወሩ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ፋብሪካው የእውነት ቆዳ ሲቆርጥ፣ የእውነት ሲሰፋ ክረምቱ አለፈ። ጦርነቱን የጀመሩት ትልልቅ ሰዎችም ለድርድር ተቀመጡ። ጥበብ ወርዶላቸው እንዳትሉ፤ በካርቶን የሚረግጥላቸው ሰው ስላጡ ነው። ትንሹ ልጅ ግንባርን ሳያይ ቤቱ ገባ።

ያ የሚኒስትሩ ቆዳ ግን ከቁም ሣጥኑ ላይ እንደተጠቀለለ ነበር። መርማሪዎቹም አልጠየቁም፣ እሷም አላስታወሰቻቸውም። አንድ እሑድ አወረደችውና ትልቁን ልጇን እግርህን አምጣ አለችው። በድርብ ስፌት ሰፋችው፤ የግራውን ፊት ጣት በሌለበት እንዳይታጠፍ በለስላሳ ገበር ሞላችው። ጋሼ ኮላ የማይለቀውን ኮላ በኪሱ ይዞ መጣ።

ውጭ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ልጁ ጫማውን አጥብቆ አሰረ፣ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ በዝግታ ወጣ። ግቢው መሐል ያለው ኩሬ ውስጥ ገብቶ ቆመ። እናቱ ከበሩ ላይ ሆና ታየዋለች። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀና ካልሲውን ዘርግቶ ሰጣት።

«ይሄኛው ውኃ ይወዳል» አላት።

ካልሲውን በሁለት እጇ ጨበጠችው። ደረቅ ነበር።