ከጎታው ኋላ

ሰው ገመናውን ለገበያ ያወጣል? የበለጠች ባል ላቀው ግን አወጣው። ከአብዮቱ በፊት አዲስ አበባ ሄዶ፣ በኪራይ ክፍል ብቻውን ሲቆዝም ከርሞ፣ በቫዮሊንና በፒያኖ የታጀበ ዘፈን በሸክላ አስቀረጸ። እሱ እዚያው ቀረ፤ ዘፈኑ ሚስቱ ያለችበት ደባርቅ ገባ።

«ከጎታው ኋላ ስፍራ ነበረችን፣
ሁለት ሆነን ስንተኛ የማትጠብበን።»

ውሸት የለበትም። አማቷ በሕይወት ሳሉ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ስለነበር፣ ሙሽሮቹ መሸሸጊያ ያገኙት ከትልቁ የእህል ጎታና ከግድግዳው መካከል ነበር። ሸክላው እንደ ወጣ ሰሞን በለጠች ዘፈኑን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ትስቅ ነበር። ዘንድሮ ግን እዚያችው ስፍራ ወንድሟ ደምለው ተደብቋል። አብዮት ጥበቃ ወጣቶችን ፍለጋ ቤት ለቤት ያስሳል፤ የተወሰደ አይመለስም። የሸሀቡ ሻይ ቤት ደግሞ ያንኑ ሸክላ ጠዋት ማታ ያዞረዋል። ቫዮሊኑ በጀመረ ቁጥር መደበቂያውን ለአገር ምድሩ የሚጠቁምባት ይመስላታል።

መቼም ፍርሃት ደህና ምክር አይመክርም። ሄዳ፣ «ጋሽ ሸሀቡ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ያንን ዘፈን ይተዉልኝ» አለቻቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ተዉላት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ዘፈኑን ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የቀበሌው ሊቀመንበር ዋሴ ነበርና «ማን ከለከለዎት?» አላቸው። ሸሀቡ መዋሸት አልሆነላቸውም።

በማግስቱ ዋሴ ጠባቂውን በር ላይ አቁሞ በለጠች ቤት ገባ።

«እኅቴ፣ ዘፈኑ ምን በደለሽ?»

«የመኝታዬ ነገር በየሻይ ቤቱ ሲዘፈን አፍሬ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሳቀ። አመናት። በለጠች ትንፋሿ መለስ አለላት። እሱ ግን አልወጣም፤ ዓይኑ ጎታው ላይ ቀረ።

«ሚስቴ ጎንደር ናት። በዚህ ብርድ ብቻዬን ስተኛ የማስባት ይችን ስፍራ ነው። አንዴ ልያት።»

«የባልና የሚስት ስፍራ እኮ ነው፤ ነውር ነው ጓድ!» ብላ መንገዱን ዘጋች። በእጁ ገለል አደረጋት።

ከጎታው ኋላ ገብቶ ቆየ። ምንም ድምፅ የለም። በለጠች እመቤታችንን ልትለምን ፈልጋ ጸሎቱ ጠፋባት።

ሲወጣ የኮቱን አቧራ አራገፈ። ጠባቂውን «ምንም የለም፣ ቅደም» አለው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማጫወቻውን ነገ አስመጣዋለሁ። ከእንግዲህ ዘፈኑን የምሰማው እዚህ ነው፤ ማታ ማታ፣ ከአንቺ ጋር።»

በለጠች ጎታውን ተደግፋ፣ ወንድሟ ከኋላው እየሰማ፣ «እሺ» አለች።