ፍሬኑን ያልለቀቀ እግር

«ቀስ ብለው ይግፉት፤ አይርገጡት!» አለች ማርጎ።

ዌንደል ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ግድግዳው ላይ ለጥፏል። ዕድሜ ልኩን የተሸከመውን እግር እንዴት እንደሚዘረጋ የልጁ እኩያ የሆነች የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ታስተምረዋለች። በሌላ ሰው ደርሶ ቢሰማ ኖሮ ስቆ አያባራም ነበር።

ባለፈው መጋቢት፣ ከከተማቸው በላይ ባለው የኮሎራዶ ተራራ መንገድ በረዶ ጠራጊ መኪናውን ሲነዳ፣ አንዲት ትንሽ መኪና ተንሸራታ ፊቱ ተደቀነች። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ፤ በረዶ ግን ፍሬን አያውቅም። ተጋጩ፤ ትንሿን መኪና የምትነዳው ሴት ዳሌዋ ተሰብሮ በሕይወት ተረፈች። የዌንደል እግር ከዚያን ቀን ወዲህ ፍሬኑን አልለቀቀም። እራት ላይ ይረግጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ይረግጣል፤ ተኝቶም ሚስቱን ዶሪንን ይረግጣል። ሐኪሞቹ እግሩ ጤነኛ ነው አሉ። ማርጎ ደግሞ ሰውነት ያልጨረሰውን ድንጋጤ ይዞ ይቆያል፣ በራሱ ጊዜ ይጨርሰው ባይ ናት።

ጊዜው ግን የለም። ሐሙስ የመጀመሪያው ከባድ በረዶ ይጥላል ተብሏል። አለቃው ሌስ ዛሬ መልስ ይፈልጋል። ዌንደል «አልችልም» ካለ፣ ጎልማሳነቱን ሙሉ የነዳው መኪና ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ስንት ጊዜ ልግፋ?» አለ።

«ቁጥር የለውም።»

«ያለ ቁጥር እንዴት ይሆናል? ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት መቶ፣ ማታ መቶ ሠራሁ፤ ጭራሽ ባሰብኝ።»

ማርጎ ሳቋ አመለጣት። «ኧረ አቶ ዌንደል፣ ይሄ እኮ ስፖርት አይደለም! ካስገደዱት ያው መልሶ መርገጥ ነው።»

በነዚያ ተራሮች ያደገ ወንድ፣ ጤናንም ቢሆን በላቡ ካላገኘው የሰረቀው ይመስለዋል።

እንደገና ገፋ፤ አሁን በቀስታ። ጭኑን ነዘረውና እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደንግጦ በሁለት እጁ ጥፍንግ አድርጎ ያዘው።

«ይቅርታ» አለ።

«የምን ይቅርታ? ይልቀቁት እንጂ። እስቲ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይዩ፤ ምን ይታይዎታል?»

«ሚስቴ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ሐኪም የከለከላትን ዶናት ትገምጣለች።»

እጁን አነሳ። እግሩ እንደ ልቡ ተንቀጠቀጠ፤ ቆይቶ ረገብ አለ። ዌንደል በረጅሙ ተነፈሰ፤ እንባውም መጣ። አፈረ፤ ግን ከስንት ወር በኋላ ቀለል አለው።

ወጥቶ መኪናው ውስጥ ዶሪን አጠገብ እንደተቀመጠ ስልኩ ጠራ።

«እህሳ፣ ሽማግሌው!» አለ ሌስ። «ሐሙስ አለህልኝ?»

«ደህና ነኝ፣ አለሁ» የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለጠየቀው ሁሉ ሲመልስ የከረመው ይህንኑ ነው። ዶሪን ማላመጧን አቁማ ታየዋለች።

«የለሁም፣ ሌስ» አለ። «እግሬ ገና ይንቀጠቀጣል። መኪናውን ለሌላ ሰው ስጠው።»

«ምነው ወንድሜ፣ ለዚህ ክረምት ብቻ ነው ወይስ…?» አለ ሌስ።

ዌንደል ቁልቁል ቀኝ እግሩን አየ።

«እንጃ» አለ። «ሲጨርስ እሱ ይነግረኛል። እኔ አላስቸኩለውም።»