ባለ ሁለት ጓጉንቸሩ በር

ቬርና ክሎትስና ዱዌን ፐርኪ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በር አብረው ሲከፍቱ ኖረዋል። ተዋደው አይደለም፤ በሩ ለብቻ ስለማይከፈት ነው። በኦሃዮ ገጠር፣ ቴልፎርድ ካውንቲ በምትባለው ወረዳ፣ ከፍርድ ቤቱ ሕንፃ ሥር የምርጫ ቢሮ አለ። ድምፅ የተሰጠባቸው ወረቀቶች የሚቀመጡበት ክፍል በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ሰማያዊው የዴሞክራቶቹ ነው፣ ቀዩ የሪፐብሊካኖቹ። የዓርማቸውን እንስሳ ይዞ ሰዉ ሁሉ አህያና ዝሆን ይላቸዋል። የሰማያዊው ቁልፍ ቬርና አንገት ላይ፣ የቀዩ ዱዌን ቀበቶ ላይ ይውላል። ሕጉም አያሻማም፤ አንዱ ያለ ሌላው በር አይከፍትም፣ ወረቀት አይነካም፣ ቢሮው ውስጥም ብቻውን አይሠራም። አህያዋ ዝሆኑን፣ ዝሆኑ አህያዋን ሲጠብቁ ይውላሉ፤ ዴሞክራሲ የሚጠበቀውም በዚህ ነው።

«እንዴት አደርሽ፣ አህያዬ?» ይላል ዱዌን ጠዋት ጠዋት።

«ደህና ነኝ፣ ዝሆኔ። ኩምቢህን ታጥበሃል?»

ሌላ አገር ቢሆን በዚህ ሰላምታ ሽማግሌ ይላካል። በቴልፎርድ ግን አህያ መባል መታወቂያ እንጂ ስድብ አይደለም።

ቬርና በዱዌን ልጅ ሠርግ ላይ አልቅሳለች። ዱዌን የቬርናን ጣራ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ጠግኗል። ስለ ግብር ሲያወሩ ግን አንዲት ቀን እንኳ ተግባብተው አያውቁም። ምሳቸውን አብረው የሚበሉት ሕጉ ስላስገደዳቸው ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ሕጉ ባያስገድዳቸውም የሚበሉ ይመስላል። ይህን ግን ሁለቱም አፍ አውጥተው አይናገሩትም።

ካውንቲውን የሚያስተዳድረው ምክር ቤት አራት አባላት አሉት፤ ሁለት አህያ፣ ሁለት ዝሆን። የአህዮቹ አለቃ አቶ ጊፎርድ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት አለው፤ በጀት ሲያነብም የሚያነበው በዚያው በሐዘን ቤቱ ፊት ነው። የዝሆኖቹ አለቃ ወይዘሮ ሆልኮም ትራክተር ትሸጣለች፤ የምትናገረውም የሚሠራ ሞተር አጠገብ እንደቆመ ሰው እየጮኸች ነው። በዚያ መኸር የካውንቲው ካዝና ሳሳና ከምርጫ ቢሮ አንድ ሰው ይቀነስ ተባለ። በዚህ ሁለቱም ወገን ወዲያው ተስማማ። «ማን?» ሲባል ግን አህዮቹ ዝሆኑን፣ ዝሆኖቹ አህያዋን ጠቆሙ። ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቁ። በአራተኛው ሳምንት ታረቁ፤ አንዱን ሙሉ ሰው ከመቀነስ ከሁለቱም ላይ ግማሽ ግማሽ ይቀነስ።

ፍትሕ በደቂቃ ተሰፈረ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ እስከ ቀትር ቬርና ትሠራለች። ከረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሐሙስና ዓርብ ዱዌን ይሠራል። የረቡዕ የምሳ ሰዓት የማን ይሁን በሚለው ላይ ብቻ ግማሽ ቀን ከተሟገቱ በኋላ የማንም እንዳይሆን ወሰኑ። አቶ ጊፎርድና ወይዘሮ ሆልኮም እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ፎቶ ተነሱ። የከተማዋ ጋዜጣም «ቴልፎርድ ለዋሽንግተን ትምህርት ሰጠች» ብሎ በፊት ገጹ አወጣው።

ቬርና ውሳኔውን ስታነብ ዓይኗ ያረፈው ከታች በደቃቅ ፊደል በተጻፈው መስመር ላይ ነው። ሙሉ ሳምንት የማይሠራ ሠራተኛ የጤና ኢንሹራንስ የለውም ይላል። ባሏ ሊላንድ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የደም ካንሰር ይዞታል። ሰኞና ሐሙስ ከተማ ሆስፒታል ሄዶ ግማሽ ቀን ክንዱ ላይ መድኃኒት ይንጠባጠብለታል። እሱ በሕይወት የሚኖረው በዚያ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ የሚገኘው በእሷ ኢንሹራንስ። ያለ ኢንሹራንስ የአንድ ወሩ ሕክምና ቤታቸውን ከነጣራው ይበላል። ኢንሹራንሱ የሚያበቃው በወሩ መጨረሻ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ኮት ኪሷ ውስጥ ከተተችና ያን ቀን ለማንም ሳትናገር ዋለች። ፈርታ ነበር። ስትፈራ ደግሞ ዕቃ ታጥባለች፤ የታጠበውን ሁሉ እንደገና አጠበች።

ምርጫው አምስት ሳምንት ሲቀረው አዲሱ ፕሮግራም ጀመረ። ሰኞ ጠዋት በፖስታ የተላኩ ድምፆች በሦስት ጆንያ መጡ። ቬርና ሰማያዊውን ጓጉንቸር ከፈተች። ቀዩ እንደተቆለፈ ነው። ትንሽ ቆማ አየችውና ዱዌን ጋ ደወለች።

«ዱዌን፣ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።»

«እኔ ደግሞ አልጋዬ ላይ ተኝቻለሁ። ዛሬ ቀንሽ ነው።»

«ቀዩን ማን ይከፍታል ታዲያ?»

ዱዌን ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ። «አላዩትም! በማርያም... ቬርና፣ አራቱም አላዩትም! ደቂቃ ሲቆጥሩ በሩን ረሱት!»

«አትሳቅ። ሦስት ጆንያ ድምፅ መሬት ላይ ተቀምጧል። ና ክፈትልኝና ተመለስ።»

«አልመጣም። ሐሙስ ደግሞ አንቺ እንዳትመጪብኝ።»

«የሰው ድምፅ እኮ ነው!»

«ሊላንድስ የማን ነው?» አለ ዱዌን፤ አሁን አይስቅም። «አንቺ በነፃ ከመጣሽ እኔም በነፃ እመጣለሁ፣ በሩም ይከፈታል፣ እነሱም እሰይ ይላሉ። ዕድሜ ልካችንን በግማሽ ደሞዝ ሙሉ ሥራ እንሠራለን። የወሰኑትን እናክብርላቸው፣ እህቴ። ሕግ አክባሪ እንሁን።»

ለቬርና ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ፖስታ ሳትመዘገብ አድራ አታውቅም። ላኪዎቹን በእጅ ጽሑፋቸው ነው የምታውቃቸው፤ እጁ የሚንቀጠቀጠውን ሽማግሌ ገበሬ፣ ፖስታው ላይ ሁልጊዜ የአበባ ተለጣፊ የምታደርገውን መምህርት። ሰማያዊውን መልሳ ቆለፈችና ጆንያዎቹን ስታይ ዋለች።

ሐሙስ ሲደርስ አልቻለችም። ሊላንድ ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን የካውንቲውን ነፃ መኪና እየጠበቀ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዘንድ ተቀምጧል። እሷ ኮቷን ደርባ በሩ ጋ ደርሳለች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ቢሮ። ልከፍትላቸው።»

«ቀንሽ አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ። ድምፅ ነው፣ ሊላንድ። ሰው አምኖ የላከው ነው።»

ሊላንድ ሰው የሚለምን ዓይነት አይደለም፤ ከነጭራሹም ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም፣ ቤት ውስጥ አንድ አህያ ይበቃል ባይ ነው። ክንዱ ላይ ያለውን ፋሻ ሲነካካ ቆየ። «እኔስ?» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ቬርና ኮቷን አወለቀች።

በአሥር ቀን ውስጥ ጆንያዎቹ አሥራ አራት ደረሱ። ኮሪደሩ ላይ እንዳይነኩ ፖሊስ ይጠብቃቸው ተባለና ሁለት ፖሊስ ተመደበ፤ አንድ አህያ፣ አንድ ዝሆን። አቶ ጊፎርድ ጆንያው ውስጥ ያለው የእኔ ወገን ድምፅ ነው ብሎ እንቅልፍ አጣ። ወይዘሮ ሆልኮምም ልክ ያንኑ አስባ እንቅልፍ አጣች። አንድ ጓጉንቸር ብቻ ይደረግ ተባለ፤ ቀለሙ ላይ ተጣሉ። ቁልፉን ገለልተኛ ሰው ይያዝ ተባለ፤ ካውንቲው በሙሉ ሲፈለግ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። እሱም የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ካናዳዊ ስለሆነ መምረጥ አይችልም። ሰውዬው ነገሩ ሲነገረው በሽተኞቼ እንዳይሸሹኝ ብሎ እንቢ አለ።

በመጨረሻ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቬርናና ዱዌን ከኋላ ረድፍ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቶ ጊፎርድ መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ፤ ሁለቱም የምርጫ ሠራተኞች ወደ ሙሉ ሳምንት ሥራ፣ ወደ ሙሉ ደሞዝና ወደ ሙሉ የጤና ኢንሹራንስ ይመለሱ። አራት እጅ ተነሣ። ከግማሽ ግማሹ ውሳኔ በፊት በምክር ቤቱ ታሪክ አራት እጅ አብሮ የተነሣው፣ ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም መስኮት ለመክፈት ነበር።

ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ቬርና እንባዋን ትጠርጋለች፣ ታጨበጭባለች፣ እንደገና ትጠርጋለች። አቶ ጊፎርድ ጭብጨባው ሳያልቅ ማንበቡን ቀጠለ፤ «ተራ ቁጥር አራት። ለዚሁ የሚያስፈልገው ወጪ፣ አረጋውያንን ወደ ከተማ ሆስፒታል የሚያመላልሰው ነፃ መኪና ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ እንዲቆም በማድረግ ይሸፈናል።»

ዱዌን ማጨብጨቡን አቆመ። የቬርና እጅ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። ሊላንድ ሰኞና ሐሙስ የሚሄደው በዚያ መኪና ነው።

«ማን ነው ይህን ያመጣው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። «የእናንተዎቹ ናቸው?»

ዱዌን ከፊቱ የተቀመጠውን የምክር ቤቱን ጸሐፊ ትከሻ ነካ አድርጎ ጠየቀ።

«ሁለቱም» አለ ጸሐፊው ፊቱ በርቶ። «እንደገና ተስማሙ እኮ! ዝሆኖቹ ቤተ መጻሕፍቱን እንዝጋ ሲሉ አህዮቹ እንቢ አሉ። አህዮቹ የፖሊሶቹን አዲስ መኪና እናስቀር ሲሉ ዝሆኖቹ እንቢ አሉ። ለዚህኛው ግን የሚከራከርለት አልተገኘም።»

እንዴትስ ይገኝ? መኪናው የሚጭናቸው በሽተኞች ግማሾቹ አህያ፣ ግማሾቹ ዝሆን ናቸው። የሁለቱም ከሆኑ ደግሞ የማንም አይደሉም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ቬርና ለመናገር እጇን አወጣች። የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ሰዓት አልፏል ተባለች፤ በዚህም ላይ አራቱ አባላት ሙሉ ስምምነት ነበራቸው።

በቀሩት ቀናት ሁለቱ አሥራ አራቱን ጆንያ አንድ በአንድ ፈትተው ጨረሱ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቬርና ፖስታ እየደረደረች፣ ቀና ሳትል ተናገረች። «ሰኞ ሊላንድን የሚወስደው የለም። እኔ መውሰድ አለብኝ። እኔ ከሄድኩ ቢሮው ይዘጋል። ተጠባባቂዎቻችንን አምና ቀንሰዋቸዋል።»

«ይዘጋ።»

«አንተስ ምን ትሆናለህ?»

«አብሬሽ እሄዳለኋ። የእኔ መኪና ይሻላል፣ የአንቺ ጎማ አልቋል።»

«ሥራ ላይ ነህ እኮ፣ ዱዌን!»

«አንቺም ሥራ ላይ ነሽ። ሕጉ ሁለታችሁም አብራችሁ ሁኑ ይላል። የት እንደሆነ አይልም።»

ሰኞ ዕለት ሊላንድ የሆስፒታሉ ትልቅ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ መድኃኒቱ ይወርድለታል። ቬርና በቀኙ፣ ዱዌን በግራው ተቀምጠዋል። እኩለ ቀን ሲሆን የቬርና ስልክ ጮኸ። አቶ ጊፎርድ ነው።

«ወይዘሮ ክሎትስ! የት ነው ያላችሁት? ምርጫ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ቢሮው ተዘግቷል፣ ሰው በር ላይ ተሰልፏል!»

ቬርና ሁሉንም እንዳለ ነገረችው፤ መዋሸት አትችልበትም። ስለ መኪናው፣ ስለ ሊላንድ፣ ሐሙስም እንደማይኖሩ።

ረጅም ትንፋሽ ሰማች። «ለባለቤትዎ አዝናለሁ። ግን ሁለት ሰው ለአንድ በሽተኛ ምን ይሠራል? ቢያንስ አንዳችሁ ተመለሱ። በሩ ባይከፈትም እንኳ ሰው ይታይ። ከእናንተ አንዱ ቢሮ ውስጥ ብቻውን እንዲቀመጥ እኔ ራሴ እፈቅዳለሁ።»

ቬርና ዱዌንን አየችው። ከዚያ ማሾፍ ሳታስብ፣ እውነት ለማወቅ ፈልጋ ጠየቀች። «እሺ፣ አቶ ጊፎርድ። የትኛችን?»

ቬርና ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

«ወይዘሮ ሆልኮምን አማክሬ እደውላለሁ» አለ አቶ ጊፎርድ በመጨረሻ።

ስልኩን ዘጋችው። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች፤ በር ላይ የተሰለፉት ሰዎች ዓይኗ ላይ ሄዱ። ሊላንድ ዓይኑን ሳይገልጥ «ምን አለ?» አላት።

«የትኛችን እንደሚመለስ ሊመካከሩ ነው።»

«ሁለቱ ወገኖች?»

«ሁለቱ ወገኖች።»

«እንግዲያው ዕድሜ አለኝ» አለ ሊላንድ፤ ክንዱንም እንዲመቸው አስተካክሎ ጋደም አለ።