የማያስል ሳንባ

የትንፋሽ መለኪያ ማሽኑ ነው እንጂ፣ ባትሪው ደክሞ ይሆናል፣ ወይም ከንፈሯን በደንብ አልገጠመችም፣ ሶርካ የመንፊያውን አፍ ነቅላ ታጥባለች፣ ትመልሳለች፣ ደረቷን ሞልታ እንደገና ትነፋለች፣ ቁጥሩ ያው ነው፣ እንዲያውም ወርዷል። ትናንትም ወርዶ ነበር። ትንሽ ትንሽ፣ የጎልዌይ ባሕር ሲሸሽ እንደሚያደርገው፣ ቆመሽ ስታዪው አይታወቅም፣ ዘወር ብለሽ ስትመለሺ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመዋል።

ሲወርድ በዚያው ቀን ደውዪ ብለዋታል ደብሊን ያሉት ሐኪሞች፣ ያን የሰው ሳንባ የሰጧት ጊዜ፣ ስሙን የማታውቀው ሰው ሞቶ፣ ስንት ዓመት እኖርበታለሁ ብላ ጠይቃ ነበር፣ እንደ ሰዉ ነው አሏት፣ እንደ ስኳርሽ፣ እንደ ኩላሊትሽ፣ ደረትሽ ውስጥ ሲራባ እንደኖረው ጀርም ዓይነት፣ መድኃኒት እንዳለመዝለልሽ፣ ፈጥነሽ እንደመደወልሽ። ከዚህ ሁሉ በእጇ ያሉት ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ከደወለች ነዪ ይላሉ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ይሰዳሉ፣ ከሳንባዋ ቁራሽ ይቆርጣሉ፣ ሰውነትሽ መጤውን እየገፋ ነው ይሏት ይሆናል፣ ክርስትናው ያልፋታል። የወንድሟ ልጅ ክርስትና። ዛሬ ከሰዓት። የክርስትና እናቱ እሷ ናት።

ሶርካ፣ አትወርጂም ወይ፣ እናቷ ኖሪን ናት ከታች፣ እንቁላሉ ቀዘቀዘ፣ መድኃኒትሽን ወስደሻል፣ ወስጃለሁ እማዬ፣ ሁሉንም፣ አዎ ሁሉንም፣ በሞቴ፣ እማዬ በናትሽ ተይኝ።

ደግሞ አያስላትም። ይሄ ነው የሚያታልላት። በራሷ ሳንባ ስትኖር ሳሉ ይነግራት ነበር፣ ከቃናው ታውቀው ነበር፣ የዛሬው ቀላል ነው፣ የዛሬው አልጋ ያስይዛል፣ እናቷ ትራስ ላይ ደፍታ ጀርባዋን እየደለቀች አክታውን ስታወርድላት፣ ወንድሟ ፊንታን በሌላ ክፍል ተራውን ሲጠብቅ፣ ሁለቱም የሳንባ በሽታውን ይዘው ነው የተወለዱት፣ የአንዱ ጀርም ለሌላው እንዳይተርፍ በር ይዘጋባቸው ነበር። እነዚህ የሰው ሳንባዎች ግን ሲተከሉ ነርቫቸው ተቆርጧል። ዝም። ቢያማቸውም ሰው ቤት እንዳደረ እንግዳ፣ አይናገሩም።

ፊንታን እድለኛው። የእሷ ደረት ተሰንጥቆ ከተሰፋ በኋላ ነው የበሽታው አዲስ ኪኒን የመጣው፣ እሱ ዋጠና ሳሉ ጠፋ፣ አሁን ዱላ ይዞ ኳስ ያሯሩጣል፣ ሐኪም አግዞት ልጅ ወለደ። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ። ብትቆይ ኖሮ ትሞት ነበር፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር እኮ፣ ይህን ስንቴ አሰበችው፣ ሰለቻት።

ስልኩ። ፊንታን። አንቺ ሴትዮ፣ ሰይጣንን ክደሽ ልጄን ልታስጠምቂ ተዘጋጀሽ፣ ኧረ አባቱን መካድ ይበቃል፣ ያቺን ጃንጥላ የሚያህል ባርኔጣ እንዳታደርጊ ብላለች ሚስቴ፣ ቄሱ ሕፃኑን ፈልገው ያጡታል፣ ሶርካ ትስቃለች፣ ሳቋ መሐል ላይ ይቆማል፣ አየር ያጥራታል።

ምን ሆንሽ፣ ምንም፣ ደረጃ ወጥቼ ነው፣ የምን ደረጃ፣ እማዬ ገና አልወረደችም ብላ አሁን ነግራኛለች። ውይ እማዬ ደግሞ፣ ትላለች ሶርካ። በይ ጸሎቱን በይልኝ። ሂድ ወዲያ። በይው አልኩሽ።

ልጆች ሳሉ ነው፣ ማታ መቁጠሪያ ሲደገም፣ ግድግዳ ለይቷቸው፣ የማርያምን ጸሎት በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ያሸንፋል፣ ኖሪን ልጆቼ መንፈሳዊ ወጡልኝ ትል ነበር። አዲሱ ሳንባ የገባላት ሰሞን ደውላ ሁለቴ አከታትላ ደገመችለት፣ ተላቀሱ። አሁን ትጀምራለች፣ ጸጋን የተመላሽ ማርያም ሆይ ደስ ይበልሽ፣ ጌታ ከአንቺ ጋር ነው፣ አንቺ ከሴቶች ሁሉ የተባረክሽ ነሽ፣ የማሕፀንሽም

ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ይላል ፊንታን፣ ቀልዱ ከድምፁ ወጥቷል። ከሰኞ። ከሰኞ! አንቺ ደደብ፣ ክርስትናው እኮ ፊንታን፣ ክርስትናው ገደል ይግባ፣ ቄሱ ውሃ አያልቅባቸውም፣ ልጄ የክርስትና እናቱን በፎቶ እንዲያውቃት አልፈልግም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ዝጊና ደውዪላቸው፣ እህቴ።

ደብሊን ትደውላለች። ይጠራል። ነርሷ ከትንፋሿ ታውቃታለች፣ ሶርካ የኔ ቆንጆ፣ እንዴት ነሽ፣ አፏ ላይ የሚመጣው ያው ነው፣ በቱቦ ተተብትባ ሳለች እንኳ ለጎረቤት፣ ለቄስ፣ ለእናቷ የመለሰችው፣ ደህና ነኝ፣ ከንፈሯ ላይ ደርሷል፣ ትውጠዋለች፣ እሱም ትንፋሽ ይፈልጋል፣

ደክሞኛል፣ ትላለች።