የጋሽ ሜትር ተሳቢ

ሰፈርተኛው «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። ብረታ ብረት ቤት ሲሠራ ከኪሱ የማትለየው መለኪያ ሜትር፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ እንኳን አብራው ትሄዳለች። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። አንድ ልጁ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ከገባ ቆየ፤ አልነሳም ያለች መኪናውን ግን አባቱ ግቢ ጥሏት ነው የሄደው።

አንድ ቀን ጋሽ ሜትር ደወለለት።

«መኪናህን ላመጣልህ ነው።»

«አባዬ፣ ሽጣት ብዬህ የለ እንዴ? ደግሞ የማትነሳ መኪና በምን ታመጣለህ?»

«በተሳቢ።»

«ተሳቢ ከየት አገኘህ?»

«እሠራለኋ!»

ልጁ ሳቀ። «በል እንዳልክ። ስብሰባ ልገባ ነው» ብሎ ዘጋው።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ሰበብ ነች። «ናፍቀኸኝ መጣሁ» ለማለት የጋሽ ሜትር አፍ አልታዘዝ ብሎት ነው።

በማግስቱ መኪናዋን ከጎማ እስከ ጎማ ለካና ተሳቢውን በሙሉ ቁመቱ ግቢው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ሳለው። ከዚያ ብረት ገዛ፤ ከአሮጌ ዕቃ ተራ የሚኒባስ አክስል ከነጎማው አመጣ። ቆረጠ፣ በየደ፣ ሞረደ። አንዳንዴ ሥራው ሲይዘው «እስቲ ከዚያ ወገን ያዝልኝ» ይልና፣ ማንም እንደሌለ ትዝ ሲለው ብረቱን በድንጋይ ደግፎ ይበይዳል።

የተሳቢው ወለል እንዳለቀ መኪናዋን በእጅ በሚዞር መሳቢያ፣ በዊንች፣ ስቦ ላዩ ላይ አወጣት። የተሳቢው አፍንጫ ሽቅብ ተነሳ። ክብደቱ ከጎማው ኋላ አመዝኗል ማለት ነው፤ እንዲህ ሆኖ መንገድ ቢወጣ ጅራቱን እየወዘወዘ ገደል ይከተዋል።

«አይ ሜትር! ዕድሜ ልክህን ለክተህ ለክተህ!» አለ ራሱን። ብየዳውን ቆርጦ አክስሉን ወደ ኋላ አሸሸው።

መጨረሻ ላይ የተሳቢው የፍሬን መብራት ቀረ። ተሳቢውን የሚጎትትበት አሮጌ ፒካፑ ውስጥ ገብቶ ፍሬን ይረግጣል፤ ሊያይ ሲወርድ እግሩ የለም፣ መብራቱም የለም። ፍሬኑ ላይ ድንጋይ ጫነ፣ ተንሸራተተ። የመጥረጊያ እንጨት ሊወጥርበት ሲል ጎረቤቱ ነርሷ በአጥር በኩል ብቅ አለች።

«ኧረ ጋሼ! አዳር ሠርቼ እኮ ነው የገባሁት። ይሄ ብረት እንቅልፍ የሚባል ነገር አሳጣኝ!»

«አጥፍቻለሁ የኔ ልጅ። ግን ጨርሻለሁ። ፍሬን የሚረግጥልኝ ሰው ብቻ ነው የጠፋው።»

ነርሷ ከአጥሩ ዘወር አለች። ከዚያ ሹራብ ደርባ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣችና መሪው ጋ ተቀመጠች።

«እርገጪ!»

«ረገጥኩ! በራ?»

«ቀኙ በራ፣ ግራው አሻፈረኝ አለ። ቆይ...» ሽቦውን አጠበቀ። «አሁንስ?»

«ረገጥኩ!»

«በራ!» ብሎ ጮኸ። የገዛ ድምፁ አስደነገጠው።

ነርሷ ወርዳ ተሳቢውን ዞራ አየችው። «ይሄን ሁሉ ብቻዎን ነው የሠሩት? ሠራተኛ የያዙ መስሎኝ ነበር። ሁልጊዜ ሲያወሩ እሰማለሁ።»

«ከብረቱ ጋር ነው» አላት አፍሮ።

ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «በሉ፣ መንገዱን ያቅናልዎ» ብላ ወደ እንቅልፏ ሄደች። ጋሽ ሜትር «ምነው ያልበራ ሌላ መብራት በተረፈ» ብሎ ተመኘ።

ጋሽ ሜትር መኪናዋን ጭኖ ከተማው ሲደርስ ልጁ ከፎቅ ወርዶ አቀፈው። ተሳቢውን ዞሮ አየና «አንተ ሰውዬ!» ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳው። አብረው መኪናዋን አወረዱ፤ በዚያች ሰዓት ጋሽ ሜትር ወጣትነቱ የተመለሰለት መሰለው። ቤት ሲገቡ ግን ልጁ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፣ ስልኩም አላስቀምጥ አለው። አባት ሻዩን ጠጣ፣ ግድግዳውን አየ፣ ብርጭቆውን አጠበ።

«ሳይመሽ ልሂድ።»

«እደር እንጂ አባዬ» አለ ልጁ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

ሁለተኛ ቢለው ያድር ነበር። ሁለተኛ አላለውም።

ሲመለስ ባዶው ተሳቢ ከኋላው ይንቋቋል። መንገድ ዳር አንድ ከራቫት ያሰረ ሰውዬ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ እጁን አወናጨፈ።

«ይሄ ነገር መኪና ይጭናል?»

«ለዚሁ ነው የተሠራው።»

መኪናውን ጫኑና ሰውዬው ከጎኑ ተቀምጦ ጋራዥ እስኪደርሱ ስለ አማቱ፣ ስለ አለቃው፣ ስለ ወገቡ ሕመም አወራለት። ጋሽ ሜትር «እህ» ብቻ ነው ያለው፤ መንገዱ ግን አጠረበት። ሰውዬው ሲወርድ ስልክ ቁጥሩን ወሰደ፤ ለሌሎችም ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ የማያውቃቸው ሰዎች ይደውሉለታል። ልጁም መኪናዋን እንደሸጣት በጽሑፍ መልእክት ነግሮታል። መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት ሰው ሆዱን ለመክፈት ቅርብ ነው፤ አጠገቡ ይቀመጥና ያለውን ሁሉ ይዘረግፍለታል። ጋራዥ ሲደርሱ ግን ሁሉም ወደ መካኒኩ ይሮጣል፣ ዞር ብሎ የሚያየው እምብዛም ነው። ጋሽ ሜትር ሰንሰለቱን ይፈታል፣ መወጣጫውን ያጥፋል፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ጥቂት ይቀመጣል። ከዚያ ወደ ቤቱ ይነዳል።