ለደረቁት ውኃ

ሁለተኛው ፊኛም የቡቃያዎቹን መብራት እንደ ነካ ፈነዳ። ወንበር ላይ የቆመው ቴክኒሻን ራሱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ወንበሩን ደግፋ የያዘችለት አዲሷ ተመራማሪ በሳቅ ፈረሰች።

«መብራቱ ይሞቃል አላልኩህም?»

«እኔ የሰቀልኩትን መብራት ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው?» አለና ሌላ ፊኛ መንፋት ጀመረ። በቤተ ሙከራው ሁሉን የሚያዘው እሱ ስለሆነ ጠቅላይ ይሉታል። ፊኛ ላይ ግን ሥልጣኑ አልሠራም።

የቡድኑ የማይክሮስኮፕ ባለሙያ መሣሪያዋ ላይ እንዳጎነበሰች ፈገግ አለች። ከመስታወቱ ሥር ያለውን የሥር ቁራጭ ከረፋድ ጀምሮ አልቀየረችውም፤ ዓይኗ እዚያ ይሁን እንጂ የሚሠራው ጆሮዋ ነበር። የቡድኑ መሪ ትልቁን የሳይንስ ሽልማት ማግኘቱ ከተሰማ ወዲህ ስልክ በጮኸ፣ እንግዳ በገባ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» በተባለ ቁጥር አንድ ሰው እዚሁ አብሯቸው ይሠራ የነበረውን ሟች ባሏን ያነሳ እንደሆነ ትጠብቃለች። ያነሳው የለም።

አትፈርድባቸውም። ከቀብሩ በኋላ ሥራ በገባችበት ቀን፣ ሊያጽናኗት ሲጠጓት፣ «ሥራችንን እንሥራ» ያለቻቸው ራሷ ናት። እነሱም ታዘዙ። የባሏን ጋውን ከመስቀያው አወረዱት፤ እሷ ብቅ ስትል ወሬ መቀየር ለመዱ። ለእሷ ብለው ነው። ግን ይኸው ማክበራቸው ቀስ በቀስ ሰውየውን ከክፍሉ አስወጣው። ዛሬም ሳይነሳ ከዋለ፣ ከነገ ጀምሮ ታሪኩ ያለ እሱ እንደሚነገርና እንደዚያው እንደሚቀር ታውቃለች። አንሱልኝ ብሎ መለመን ደግሞ ከየት ይመጣል? አፏ እንዲህ ያለውን ነገር መናገር ከተወ ቆይቷል።

የሽልማቱ መነሻ የባሏ ጥፋት ነበር። ድርቅ ቡቃያን እንዴት እንደሚገድል ሲያጠኑ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራቸው፦ ሞቷል ተብሎ የተለየ ቡቃያ ውኃ አይነካውም። ባሏ ግን አንጀቱ አልቻለም። ወደ ቤት ሲሄድ ከጠርሙሱ የተረፈውን ውኃ ተደብቆ የደረቁት ላይ ጠብ ያደርግ ነበር። አንድ ጠዋት ከሞቱት መካከል ጥቂቶቹ አረንጓዴ ጫፍ አውጥተው ተገኙ። የቡድኑ መሪ «ሙከራዬን ማን ነው የገደለው?» ብሎ ሕንፃውን በጩኸት አናወጠው። ባሏ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማይለያዩት ሁለቱ ጓደኛሞች ተኮራረፉ። ኩርፊያው የበረደው እሷ ካገገሙት አንዱን ቆርጣ፣ የሥሩ ጫፍ ሞቶ ሳይሆን ተኝቶ እንደ ነበር ባሳየቻቸው ጊዜ ነው። ሁለቱም በአንድ መነጽር ለማየት ግንባር ለግንባር ተጋጩ። ከዚያ በኋላ ያለው የብዙ ዓመት ሥራ ነው።

ከሰዓት በኋላ ተሸላሚው ከጋዜጠኞች ተላቆ መጣ። ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከቶታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለማይበላ ኬኩን ኮሪደሩ ላይ ዘርግተውለት ነበርና ቢላውን እንደ ያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«ንግግር!» አለ ጠቅላይ።

«ስለፈልፍ ነው የዋልኩት እኮ።»

«ያ ለእነሱ ነው ጋሼ፤ ለእኛ ይድገሙት።»

ሁሉንም አመሰገነ። ድሮ ጣሪያው ያፈስ እንደ ነበር፣ መብራት ሲጠፋ ቡቃያዎቹን ተሸክመው ወደ መስኮት ይሮጡ እንደ ነበር አወራ። «ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስንገባ» አለና ውስጥ በርጩማዋ ላይ ወደ ተቀመጠችው የማይክሮስኮፕ ባለሙያ አየት አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ስንገባ፣ የደረቁት ቡቃያዎች አገግመው አገኘናቸው።»

አዲሷ ተመራማሪ ግንባሯን ቋጠረች። «ቆይ ግን ጋሼ፣ ማን አጠጥቷቸው?»

ጠቅላይ እግሯን ረገጣት።

«ምን አጠፋሁ? ለሞተ ውኃ አይሰጥም አይደል ሕጉ?»

ተሸላሚው ቢላውን እንደ ያዘ የማይክሮስኮፕ ባለሙያዋን ያያል። ዓይኑ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስትጠብቀው የዋለችው ነገር ደጇ ላይ ቆሞ ግባ ሳይባል እንደማይገባ ያኔ ገባት። እጆቿን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከታ ተነሳች።

«ባለቤቴ ነው» አለች። ድምፅዋ ከፈራችው በላይ ቀጭን ነበር። «ባለቤቴ ነው ያጠጣቸው። ተደብቆ።»

ተሸላሚው ቢላውን አስቀመጠ። «እህትዓለም፣ ከጠዋት ጀምሮ አፌ ላይ ነው ያለው። አንቺን ሳላስፈቅድ ልናገር አልቻልኩም።»

«ለእሱ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል?»

«አንቺ እኮ ታስፈሪያለሽ።»

«በጣም እንጂ!» አለ ጠቅላይ፤ ወዲያው ደነገጠ። እሷ ስትስቅ ሲያዩ ግን ሁሉም ሳቁ፣ ከሚገባው በላይ ሳቁ፤ አንዳንዱ በዚያው ዓይኑን ጠረገ።

«ጋሼን ፈርቼ እንጂ እኔም አውቅ ነበር» አለ ጠቅላይ ድፍረት አግኝቶ። «ሲያጠጣቸው ያወራቸዋል። በር ላይ ቆሜ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ‹አይዟችሁ፣ ሰውዬው ጩኸቱ ነው እንጂ ሆዱ ቅቤ ነው› ይላቸዋል።»

«ሰውዬው እኔ ነኝ?» አለ ተሸላሚው።

«ሌላ ማን ይጮሃል ጋሼ?»

ይህን ሰምታው አታውቅም። እቤት ብቻዋን ስትሆን ስለ እሱ የምታስበው ሁሉ የምታውቀው ነበር፤ ከመደጋገሙ ብዛት ጠርዙ አልቆ፣ የእሱ ይሁን የራሷ ፈጠራ መለየት አቅቷት ነበር። ይሄ ግን አዲስ ነው። እሷ በሌለችበት በራሱ አንደበት ተነግሮ፣ ዛሬ የደረሳት ነው።

በርጩማዋን እየጎተተች ደፉን ተሻግራ ኮሪደሩ ላይ መሀላቸው ተቀመጠች። ኬኩን የሚቆርስ ጠፋ።

«ሌላስ?» አለች ጠቅላይን ቀና ብላ እያየችው። «ሌላስ ምን ይላቸው ነበር?»