የኦቦ ጨመዳ ክሊክ

ዛሬ ከምሳ በፊት ኃላፊው ኦቦ ጨመዳ ይፈርዳሉ። ወይ ሊሊሴ የሠራችው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነቀምቴ ባለው የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ይቀራል፣ ወይ የድሮው መዝገብ ከነአቧራው ይመለሳል፤ የሦስት ወር የሙከራ ቅጥሯም አብሮ ያበቃል።

ሥራው ቀላል ነበር። የጉቶ ጊዳ ወረዳ ገበሬ የበቆሎ ዘር ይጠይቃል፤ ስሙ ስክሪን ላይ ይወጣል፤ ከስሙ ጎን ያለውን ትንሽ ሳጥን ኃላፊው በማውስ ሲነኩት ራይት ይገባበታል፤ ተፈቀደ ማለት ነው። ሊሊሴ ስትነካው ይሠራል። ጸሐፊዋ ሸዋረገድ ስትነካውም ይሠራል። ኦቦ ጨመዳ ሲነኩት ግን ራይቱ ብልጭ ይልና ይጠፋል።

«ልጄ፣ ኢንታላ ኮ፣ ይሄ ነገርሽ ንቆኛል።»

«ኧረ አይንቅዎትም፣ ኦቦ!»

«ለሸዋረገድ ይታዘዛል፤ ለእኔ ለኃላፊው እምቢ ይላል። ሠላሳ ዓመት ስሠራ አንድም መዝገብ እምቢ ብሎኝ አያውቅም።»

«መዝገብማ ምን ምርጫ አለው?» አለች ሸዋረገድ ከጥግ።

ሊሊሴ ኮዱን ለአሥረኛ ጊዜ አነበበችው። ሳጥኑ በተነካ ቁጥር ባዶው ራይት ይሆናል፣ ራይቱ ባዶ ይሆናል፤ የሆነውም ይመዘገባል። እንከን የለውም። ሰዓቱ ግን አምስት ተኩል ሆኗል።

«እስቲ አንዴ ይድገሙት፣» አለችና ስክሪኑን ትታ እጃቸውን አየች።

ጧ፣ ጧ! አንዱ ቀስ ብሎ፣ ሁለተኛው ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ።

«ለምንድን ነው ሁለቴ?»

ኦቦ ጨመዳ ገርሟቸው አዩዋት። «አንዱ ለቀለሙ፣ አንዱ ለወረቀቱ ነዋ! ማኅተም ቀለም ሳይነካ ይመታል እንዴ?»

ሊሊሴ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። ሠላሳ ዓመት ማኅተም ከቀለሙ ወደ ወረቀቱ ያመላለሰ እጅ! የመጀመሪያው ምት ይፈቅዳል፣ ሁለተኛው ይሽራል። ሰውዬው ጠዋቱን ሙሉ ለገበሬው ዘር ሲሰጡና መልሰው ሲነጥቁ ነው ያረፈዱት!

«ልንገራቸው? አንዴ ብቻ እንዲነኩ?» አለች ሸዋረገድ በሹክሹክታ።

«ይህን እጅ ከማስተማር ኮዱን ማስተማር ይቀላል።»

ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ሮጡ። ሳጥኑ አንዴ ከተነካ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚከተለው ምት ከቁጥር እንዳይገባ አዘዘች። ሦስት መስመር ብቻ!

«አሁን ይምቱት!»

ጧ፣ ጧ! ራይቱ ቀረ። ጧ፣ ጧ! ይሄም ቀረ!

«ጋሪዳ! ጋሪዳ! ጥሩ ነው!» ኦቦ ጨመዳ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዝርዝሩን ወረዱበት። ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁ የነበሩት ገበሬዎች ጩኸቱን ሰምተው በበሩ አንገታቸውን አስገቡ፤ ስሙ ሲፈቀድ ያየ ሁሉ ያጨበጭባል።

«መዝገቡን መጋዘን አስገቢው፣» አሏት ሸዋረገድን። «ሊሊሴ፣ አንቺ ትቀጥያለሽ። ሰኞ ደግሞ ቢላ ከተማ ሄደሽ ለቅርንጫፉ ኃላፊ ትገጥሚለታለሽ።»

«የእሳቸውስ እጅ እንዴት ነው?»

«የእሱ? ማውስ የሚባል አይነካም። ስክሪኑን ነው በእስክሪብቶ የሚወጋው።»

ሊሊሴ እየሳቀች ደብተሯን አወጣችና «እስክሪብቶ» ብላ ጻፈች።